መሳቢያዬ ውስጥ የከረመው ፖስታ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017፣ ሰመራ

ይህን ደብተር የገዛሁት የጉልበቴን መድኃኒት ሰዓት እንድመዘግብበት ሐኪሙ አዞኝ ነው። ጉልበቴ ይቆየኝ። ቢሮ ውስጥ በስውር የሚሠራ ነገር አለ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ደግሞ የሚሠራ ነገር ሳይጻፍ ሲቀር አልወድም።

ዛሬ ጠዋት የሚፈረም ይዤ ኃላፊያችን ክፍል ስገባ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ኃላፊው፣ የሰው ሀብቱ ከማሉዲንና ፋሪሃ። ስገባ ዝም አሉ። ሦስት ሰው ባንዴ ዝም ካለ ወሬው የገባው ሰው ነው። ፋሪሃ የጎን ጠረጴዛዬ ልጅ ናት። ከኮምቦልቻ መጥታ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንደ ስልኳ ትነካካዋለች። ወረቀቷን አገላብጣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ሐምሌ 30 ስልሳ ዓመት ይሞላኛል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ማንም ግን አያነሳውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

የቀትር እረፍት ነው። ሰዉ በሙቀቱ ተዘርሯል፤ እኔ ቬንትሌተሩን ፊቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። መብራት ከሄደ ጽሑፉም ይቆማል።

ከማሉዲን ጠዋት ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። እሱ ወደ ሰው አይመጣም፣ ያስጠራል እንጂ።

«ወይዘሮ አዲስአለም፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራው አልከበደዎትም?»

«ምነው፣ ከብዷት አየሁ ያለ አለ?»

«ኧረ የለም። እንዲያው ቢቀጥሉ አቅምዎ ይፈቅዳል ወይ ብዬ ነው።»

«ያንተን ደብዳቤ ሳርም አቅም አንሶኝ ያውቃል?»

ሳቀና አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ መነጽሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀጥሎ የጤና ምርመራ ወረቀት እንዳመጣ ጠየቀኝ። ለምን ስለው «ለፋይል ማሟያ» አለ። ጤነኛ መሆኔን ነው የሚያስመረምረው ወይስ አለመሆኔን? አመጣለሁ። አለማምጣትም ማስረጃ ይሆንባቸዋል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ፋሪሃ የምስክር ወረቀቶቼን ፎቶ ኮፒ ላንሳልዎት አለችኝ። ማን አዘዘሽ? «እንዲያው እንዳይጠፋ ነው እትዬ።»

እንዲያው። ከማሉዲንም ቃሉ ይህ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9፣ አዋሽ

ለትንሣኤ ልጄ ዘንድ ልሄድ ከንጋቱ ጀምሮ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ሚሌ ላይ ለአንድ ሰዓት ቆመን፣ ገዋኔን አልፈን በዘጠኝ ሰዓት አዋሽ ሰባት ኪሎ ገባን። ጉልበቴ እንጨት ሆኗል።

ከመውጣቴ በፊት ትናንት ኮሪደሩ ላይ የሰማሁትን ልጻፍ፤ ሌሊቱን ሲያመላልሰኝ ነው ያደረው። ከማሉዲን፦ «ከሚያዝያ 30 ካለፈ አይሆንም።» ፋሪሃ፦ «ይደርሳል። ብቻ እሳቸው እንዳይሰሙ።»

እሳቸው እኔ ነኝ። ሌላ እሳቸው በዚያ ኮሪደር የለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፣ ትንሣኤ

በዓሉ ጥሩ ነበር ልበል። ልጄ ማህሌት ዶሮውን ራሷ ሠራች። ከልጇ ጋር ስትሯሯጥ አየኋት፤ የቤት ሠራተኛዋ ወጥታባት፣ በምትሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስትቆም ሕፃኗን ጎረቤት ትተዋለች።

ከምሳ በኋላ የኋላውን ክፍል አሳየችኝ። ዕቃው ወጥቷል፣ አልጋ ገብቷል። «እማዬ፣ ስትመጪ እዚህ ነሽ» አለች። ብትመጪ አላለችም። ከቢሮ የደወለላት አለ እንዴ?

ገባኝ ነገሩ። አያት ትፈልጋለች፤ ደመወዝ የማትጠይቅ፣ ዓመት ፈቃድ የማትወጣ። አልፈርድባትም፣ ግን እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም ለምን አስፈለገ?

በዚያ ክፍል ባሌ ተክለ ማርያም ነው የሞተው። ባቡር ጣቢያ ነበር የሚሠራው። ባቡሩ ሲቆም ጡረታ ወጣ። ለአንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት ኮፍያውን አድርጎ ጣቢያው በር ላይ ሄዶ ይቀመጥ ነበር። ምን ትጠብቃለህ ስለው «ማንንም» ይለኛል። በሁለተኛው ዓመት ኮፍያውን ማድረግ ተወ፣ በሦስተኛው ቀበርነው። ሐኪሞቹ ጉበት አሉ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ስለዚህ ያ ክፍል ቢያሳምሩትም ያስፈራኛል፤ ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ ሰመራ

ተመለስኩ። አከራዬ ኑርሀያት የሱቋን በር ይዛ ጠበቀችኝ። የወሎ ሰው ናት፤ ሳትቀልድ ሰላም አትልም።

«ምነው ፊትሽ? ክርስቲያን ጾም ሲፈታ ይወዛ የለ እንዴ?»

የክፍሉን፣ የኮሪደሩን፣ የከማሉዲንን ነገር ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ፦

«ወላሂ አዲስ፣ አንቺ ዘንድ ጥላሽም መታወቂያ አሳይቶ ነው የሚገባው።»

«አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ የሚያስወጣሽ የለም።»

«አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል። ልጅቱን አትጠይቂያትም?»

ይጠየቃል እንዴ? ሌባ ሰረቅህ ወይ ቢባል አዎ ይላል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ወጪ መዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር ተይዟል። የተያዘው በፋሪሃ እጅ ጽሑፍ ነው። «ጉዳዩ» የሚለው ቦታ ባዶ። በዚህ ቢሮ ከእኔ በቀር ቁጥር የሚይዝ አልነበረም። ሰባት ኃላፊ ሲቀያየር ያንን መዝገብ ማንም አልነካብኝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

መጣ።

ፖስታ ነው። የበላይ መሥሪያ ቤት አድራሻ ያለበት፣ የታሸገ፣ ክዳኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት፣ «ጥብቅ ምስጢር» የተባለ። ማኅተሙ እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው፤ ቁልፉን ኃላፊው ትናንት ለአንድ አፍታ ብሎ ወስዶ ነበር። ፋሪሃ ናት ያስረከበችኝ። እህቷን ልትድር ነገ ወደ ኮምቦልቻ ትሄዳለች፤ ሁለት ሳምንት አትኖርም።

«እትዬ፣ ይቺ ነገ ለተላላኪው ትሰጥ። አደራ፣ ከነገ እንዳታልፍ።»

«ምንድን ናት?»

ቀላች። «የሰው ጉዳይ ናት» ብላ ሳቀች። ጨርሳ ሄደች፣ ሽቶዋ ቀረ። መልካም ሰርግ እንኳ አላልኳትም።

የኔ ማሰናበቻ በኔ እጅ እንዲወጣ! ከዚህ በላይ ንቀት አላውቅም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ተላላኪው ጠዋት መጣ፣ ሌሎቹን ወሰደ። ያችን አልሰጠሁትም። አልደበቅኩም። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ መሳቢያው ደግሞ የቢሮ ነው።

ሒሳቤ ይህ ነው፦ ጡረታ የሚወጣ ሰው ሦስት ወር ሲቀረው ነገሩ ሁሉ መጠናቀቅ አለበት። ይህን ለስንቱ ጽፌዋለሁ! ሚያዝያ 30 ካለፈ ሐምሌ ላይ ሊያስወጡኝ አይችሉም፤ እንደገና ይጀምሩታል፣ እስከዚያ ደግሞ አምላክ ያውቃል።

አልከፈትኩትም። በሠላሳ አራት ዓመት የታሸገ ከፍቼ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር፤ አቧራ እንዳለው ለማየት ነው። ወረቀቱ ወፍራም ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ከማሉዲን፦ «ወጪዎቹ ሁሉ ሄደዋል አይደል?»

«ሁሉም በየቦታው ነው» አልኩት። ውሸት የለበትም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

የሠራተኞች ቀን ነው ብለው ዘግተዋል። ከሰዓቱ ረጅም ነው፤ ኑርሀያት ሱቋ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ይሰማኛል።

ለምን እንደምሠራ ራሴን ጠየቅሁ። ለገንዘብ አይደለም ብል እዋሻለሁ፣ ጡረታው የበረሃ አበል የለውም። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ስነሳ ጉልበቴ ይጮኻል፣ ፊደሉ በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ባለፈው ወር አንድ ደብዳቤ ወደ ጭፍራ መላክ ሲገባው ዱብቲ ልኬዋለሁ። ፋሪሃ አየችው፣ መለሰችው፣ ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች አውቃለሁ፤ ለክፉ ቀን ይዛው ነው።

ይህ ሁሉ እያለም ጠዋት በሩን ስከፍት የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ከወረዳ የመጣ ገበሬም ሆነ አርብቶ አደር፣ ፋይሌ ጠፋ ብሎ ሲንጨረጨር፣ ሄጄ ከሦስተኛው መደርደሪያ አወጣለታለሁ። ፊቱ ይበራል። አዋሽ ብሄድ ማን ምን ጠፋብኝ ይለኛል? የሕፃኗ ጡጦ ካልሆነ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ቀኑ ዋለ። መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ቆለፍኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ፖስታውን ለተላላኪው ሰጠሁት። ማስረከቢያ ደብተሩ ላይ የዛሬን ቀን ጻፍኩ፤ ቀን አላጭበረብርም። በእረፍቱ ሰዓት እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከአንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። አሸነፍኳቸው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ፋሪሃ መጣች። እጇ በሂና አጊጧል። ለእኔ ሻሽ አምጥታለች፣ አረንጓዴ። ምን ፈልጋ ይሆን?

ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፦ «እትዬ፣ ያቺ ፖስታ በማግስቱ ሄደች አይደል?»

«ሄዳለች።»

ማስረከቢያ ደብተሩን ገለጠች። ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ አላውቅም። ወጣች፤ ባጃጅ ይዛ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ስትሄድ በመስኮት አየኋት።

ሴራቸው ፈርሶባት ነው። ሻሹን አላደረግኩትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

መልሱ ደረሰ። ገቢ ደብዳቤ የምመዘግብ እኔ ነኝና በገዛ እጄ ከፈትኩት፤ ይህ ምስጢር አልተባለም።

«ጉዳዩ፦ የወ/ሮ አዲስአለምን አገልግሎት ለማራዘም የቀረበውን ጥያቄ ይመለከታል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ቆሜ አነበብኩት። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛዋን ለሁለት ዓመት እንዲያቆይ ያቀረበው ጥያቄ ጡረታዋ ከመድረሱ ከሦስት ወር በፊት መቅረብ ሲገባው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ የደረሰ በመሆኑ ለመቀበል ይቸግረናል፤ የጥያቄው ደብዳቤ ከነአባሪው ተመልሷል።

አባሪው የጤና ወረቀቴና የምስክር ወረቀቶቼ ኮፒ ነው። ደብዳቤውን ያረቀቀችው ፋሪሃ ናት፣ አጻጻፏን አውቃለሁ። «በቀላሉ የማይተካ ልምድ ያላቸው» ይላል። ከታች ደግሞ «ለእኛ ለአዲሶቹ እናትም መምህርም የሆኑ» ይላል። እንዲህ ዓይነት ቃል በመንግሥት ደብዳቤ አይጻፍም። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነበር፣ አስቀመጥኩት።

መዘገብኩት። ቀን፣ ቁጥር፣ ጉዳዩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ደብዳቤው ለምን ዘገየ ተብሎ ተጠየቀ። ጣቱ ወደ ማን ዞረ? ወደ ፋሪሃ። የእኔን ቦታ ፈልጋ ሆን ብላ መሳቢያዋ ውስጥ ትታው ሄደች፣ እኔ በኋላ አግኝቼ ላክሁት ተባለ። ከማሉዲን በኮሪደሩ ላይ ድምፁን ሳይቀንስ፦ «በቃሏ ትለምናለች፣ በእጇ ታስቀራለች!»

ስብሰባ ላይ ጠሯት። «በሚያዝያ 16 ለእትዬ ሰጥቻለሁ» አለች። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ፦ «ወይዘሮ አዲስአለም ይህን ቢቀበሉ በማግስቱ ይልኩት ነበር። በሥራዎ አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም» አለ።

ስሜ ነው ያዳነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ያጠራቀምኩት ስም። ዝም አልኩ።

ፋሪሃ ተመለከተችኝ። በቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

አልተናገርኩም። ይህን ሁሉ ሰው ስጠረጥር አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠረጠርኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 29፣ ኢድ አል አድሐ

ኑርሀያት የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ድፎ ዳቦና ተምር ላከችልኝ፣ ቀጥላ ራሷ መጣች። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«የቢሮሽ ልጅ፣ ያቺ የኮምቦልቻዋ፣ ኢዱን ክፍሏን ዘግታ ዋለች አሉ። ከሥራ ሊያስወጧት ነው መሰል።»

«ማን አለሽ?»

«ሰመራ ትልቅ ከተማ መሰለሽ?» ተምሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፦ «አዲስ፣ ይቺ ልጅ ናት የጠረጠርሻት?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ደስ አላለሽም?»

ዳቦውን ሰሃኑ ላይ መለስኩት። ነገርኳት፤ ከመሳቢያው ጀምሮ እስከ ስብሰባው። ኑርሀያት አልቀለደችም። ስትቀልድ እንዳልኖረች ሁሉ ቀዝቃዛ ፊት አሳየችኝ። «አስተግፊሩላህ» ብላ ተነሳች፣ «ያንቺ እንጀራ ተጋግሮ ተበልቷል፤ የሷ ገና አልተጋገረም» አለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይገባ፣ ኃላፊው ክፍል ገባሁ።

«ፖስታውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አስራ ሰባት ቀን።»

አላመነኝም። ደገምኩለት።

«ለምን?»

«ማሰናበቻዬ መስሎኝ።»

«ወይዘሮ አዲስአለም፣ ማሰናበቻ ለምን ምስጢር ይሆናል? ባለፈው ዓመት ለአቶ በለጠ ማራዘሚያ ጠየቅን፤ ለሱም ነገርነው። ሰው ጋብዞ ደስ ብሎት እያለ ተከለከለ። ሰውየው በማግስቱ ታመመ። ፋሪሃ ናት ይህን ያየችው። ‘እትዬን እንዲህ እንዳናደርጋቸው፣ ከተፈቀደ በኋላ እንንገራቸው’ አለች።»

የምቀመጥበት ፈለግሁ። ወንበሩ ከጎኔ ነበር፣ አላየሁትም።

«የልጅቱን ስም አጥራልኝ» አልኩት። አንተ አልኩት፣ ሳላስበው፤ እሱም ልብ አላለውም።

«አጠራለሁ። ለእርስዎ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ።» አፍሮ፦ «ማን ይጽፈዋል?»

«ማን ነው የሚጽፍልህ? እኔ ነኛ!»

ጻፍኩት። እሱ ሲናገር ለስልሶብኝ ነበር፣ አጠንክሬ ጻፍኩት። አስፈርሜ፣ አትሜ፣ በገዛ ፋይሌ የመጨረሻው ገጽ ላይ አያያዝኩት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ፋሪሃን በእረፍት ሰዓት አስቀረኋት። ይቅርታ ማለት እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር፤ በደብዳቤ ቢሆን «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ» እል ነበር።

«በድዬሻለሁ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ኮምፒውተሯን እያየች ነው።

«ካወቅሽማ ለምን አልተናገርሽም? እሳቸው ናቸው የያዙት አትዪም?»

«ብያለሁ እኮ። ስብሰባው ላይ ብያለሁ። እርስዎ ዝም አሉ።»

እውነት ነው። ተናግራ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁ መስዬ የተቀመጥኩት።

ቀጥላ፦ «ለምን አልከፈቱትም እትዬ? ሁለት ሳምንት እጅዎ ላይ ነበር። ከፍተውት ቢሆን ኖሮ።»

«የታሸገ አልከፍትም።»

ያኔ ነው ዞራ ያየችኝ። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነበር። «ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። እኔ የታሸግኩ ነኝ? ለምን አልጠየቁኝም?»

ይቅርታ አደርጋለሁ አላለችም። ስትወጣ ግን የጭፍራን ፋይሎች እንዴት እንደማደራጅ ነገ አሳዪኝ አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ብላ፣ በስህተት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2፣ አዋሽ

ከትናንት በስቲያ ነበር የመጨረሻው ቀን። ሁለት ወር ሙሉ የማውቀውን ሁሉ ለፋሪሃ አሳየኋት፤ ሻሹን አድርጌ ሄድኩ፣ እሷም አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ቆማ ነበር።

እዚህ ስደርስ የኋላው ክፍል ቀለም ተቀብቷል። ሰማያዊ። አዲስ መጋረጃም አለ። ማህሌት እንዲህ ወጪ አታወጣም። ባሏ ነው? ወይስ ሠራተኛ መቅጠሩ ስላቃታቸው

ይህን ጀምሬ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ተነሳሁ፣ ጉልበቴን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማህሌት ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ማህሌት፣ እዚህ ያመጣሽኝ ልጅሽን እንድይዝልሽ ነው?»

የረጠበ ልብስ በእጇ እንደያዘች ቆመች። እንደምትክድ ጠብቄ ነበር።

«አዎ» አለች። «ደግሞ ስለምትናፍቂኝ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ብቻሽን ነሽ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ምነው፣ ተቀየምሽ?»

አልተቀየምኩም። ስጠረጥረው እንደዚያ የጎመዘዘኝ ነገር ከአፏ ሲወጣ ቀላል ሆነ። «ጠዋት ጠዋት እይዝልሻለሁ» አልኳት። «ከሰዓት ከሰዓት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ዘንድ እሄዳለሁ። የሚጎድላቸው እጅ ካለ።»

«እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ማን ያስገባሻል?»

«አላውቅም» አልኳት። «ሄጄ እጠይቃለሁ።»